ማርሚታ የጭስ መውጫ ብቻ አይደለም
የባለ ሁለት ምት ሞተር አተነፋፈስ



የሳይንስ ክበባችን በዚህ ዓመት ለመጽሔታችን ያቀረበው ጽሑፍ ስለ አንድ የብረት ሳጥን ነው። በሞተር መጋዝ፣ ብዙዎች ቼይንሶ በሚሉት መሣሪያ፣ ላይ የሚገጠመውና ሞተሩ ሲሠራ እንደ ምጣድ የሚግለው ማርሚታ ነው። ብዙ ሰው ማርሚታን የሚያውቀው ጭስ እንደሚያስወጣና ድምፅ እንደሚቀንስ ዕቃ ብቻ ነው። ስለዚህም «ማርሚታውን ብትበሳው ሞተሩ ይፈታል፣ ጉልበት ያገኛል» የሚል ምክር በየሠፈሩ ይሰማል። ሌላው ደግሞ «አይሆንም፣ ሞተር ትንሽ መታፈን ይወዳል» ብሎ ይከራከራል።

ከሁለቱ ማን ትክክል ነው? መልሱ «ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል» የሚል ነው። ባለ ሁለት ምት ሞተር ላይ ማርሚታ ከሞተሩ ኋላ የተንጠለጠለ ትርፍ ዕቃ ሳይሆን የሞተሩ አካል ነው። ሞተሩ የሚወደው መታፈንን አይደለም፤ መከፈትንም አይደለም። የሚወደው ጭሱ በልኩና በሰዓቱ እንዲወጣ ነው። ይህን ሳያውቅ ማርሚታ የሚበሳ ሰው ብዙ ገንዘብ የወጣበትን መሣሪያ፣ የሠራተኛውን ጆሮ፣ አንዳንድ ጊዜም ደኑን ራሱን ለአደጋ ያጋልጣል።

ጉዳዩ ከኛ ኑሮ የራቀ አይደለም። በአገራችን ከዐፄ ምኒልክ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ የተስፋፋው ባሕር ዛፍ ለአጠና፣ ለማገርና ለማገዶ ሲቆረጥ ዛሬ የሞተር መጋዝ ድምፅ አብሮ ይሰማል። በቀይ ባሕርና በሕንድ ውቅያኖስ ጠረፍ የዓሣ አጥማጆችን ጀልባ ከሚገፉት ሞተሮች ብዙዎቹ ባለ ሁለት ምት ናቸው። ወላጆቻችን በወጣትነታቸው ያዩት የድሮው ቬስፓም እንዲሁ ባለ ሁለት ምት ነበር።

ስለ ስሞቹ ጥቂት

እኛ ተማሪዎች በክፍል የምንማራቸው የሞተር ክፍሎች ስሞችና አባቶቻችን በጋራዥ የሚጠሩባቸው ስሞች ብዙ ጊዜ አይገናኙም። የጋራዥ አማርኛ ብዙ ቃላት የወሰደው ከጣሊያንኛ ነው። ማርሚታ በጣሊያንኛ ትልቅ ድስት ማለትም ነው። ብልጭታ የሚሰጠው ካንዴላ በቀጥታ ሲተረጎም ሻማ ነው። ሞላ፣ ካቻቢቴና ዳዶም ከዚያው የመጡ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ እነዚህን የታወቁ ስሞች እንጠቀማለን፤ ተማሪዎች ቤት ሄደው አባት ወይም አጎት ሲጠይቁ መግባባት እንዲችሉ ነው።

ሁለት ምት ማለት ምን ማለት ነው?

የአብዛኛው መኪና ሞተር ባለ አራት ምት ነው። ፒስቶኑ ሲወርድ የአየርና የቤንዚን ድብልቅ ይስባል፤ ሲወጣ ያምቃል፤ ድብልቁ ሲቃጠል ተገፍቶ ይወርዳል፤ እንደገና ሲወጣ ጭሱን ጠርጎ ያስወጣል። አራቱ ምቶች እስኪፈጸሙ ክራንኩ ሁለት ጊዜ ይዞራል። የሚገባውና የሚወጣው እንዳይቀላቀል ቫልቮች በር ጠባቂ ሆነው ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ።

ባለ ሁለት ምት ሞተር ይህን ሁሉ ሥራ ክራንኩ አንድ ጊዜ ሲዞር ይጨርሳል። በተለመደው የመጋዝ ሞተር ውስጥ እንደ መኪናው ያሉ ቫልቮች የሉም። በእነሱ ፈንታ በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ቀዳዳዎች አሉ፤ ፒስቶኑ ሲወጣና ሲወርድ ራሱ ይከፍታቸዋል፣ ይዘጋቸዋል።

ፒስቶኑ ወደ ላይ ሲወጣ ከላዩ ያለውን ድብልቅ ያምቃል። በዚያው ጊዜ ከበታቹ ባለው የታሸገ የክራንክ ክፍል ውስጥ ግፊት ስለሚቀንስ አዲስ ድብልቅ ከካርቡራቶር ተስቦ ወደዚያ ይገባል። ካንዴላው ብልጭ ሲል ፒስቶኑ ተገፍቶ ይወርዳል፤ ሲወርድም ከታች የገባውን አዲስ ድብልቅ ይጨምቀዋል። ወደ መጨረሻው ሲቃረብ አስቀድሞ የጭስ መውጫው ቀዳዳ ይከፈታል፤ ጭሱም በኃይል ይፈነዳና ይወጣል። ጥቂት ቆይቶ የመተላለፊያ ቀዳዳዎቹ ይከፈታሉ፤ ከታች የተጨመቀው አዲስ ድብልቅ በነሱ በኩል ወደ ላይ ይገባል።

በዚህ መልክ ከፒስቶን በታች ያለውን ክፍል እንደ ፓምፕ የሚጠቀም ቀላል ሞተር በ1890ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ እንዲታወቅ ያደረገው ጆሴፍ ዴይ የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ነው። ለሞተር መጋዝ የተመረጠበት ምክንያትም ግልጽ ነው። ክብደቱ ቀላል፣ የክፍሎቹ ብዛት ጥቂት ነው። ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ስለሚቀላቀል ከታች የተጠራቀመ ዘይት የለውም፤ ስለዚህ መጋዙ ቢያዘነብልም ቢገለበጥም ሞተሩ ይሠራል። ጀርመናዊው አንድሪያስ ሽቲል በ1926 እ.ኤ.አ. በኤሌክትሪክ የሚሠራ መጋዝ፣ በ1929 ደግሞ በቤንዚን የሚሠራ መጋዝ አውጥቷል። የዚያ ዘመን መጋዝ ሁለት ሰው የሚሸከመው ከባድ ዕቃ ነበር። ዛሬ አንድ ሰው በሁለት እጁ ይዞት ይሠራል።

አንድ በር፣ ሁለት ፈረቃ

የባለ ሁለት ምት ሞተር ችግር የሚጀምረው ከላይ ባየነው ቅጽበት ላይ ነው። ጭሱ እየወጣ ሳለ አዲሱ ድብልቅ ይገባል፤ ሁለቱም በሮች በአንድ ጊዜ ክፍት ናቸው።

በሁለት ፈረቃ የሚያስተምር ትምህርት ቤት አስቡ። የጠዋቱ ፈረቃ ተማሪዎች በኋላ በር እየወጡ ሳሉ የከሰዓቱ ፈረቃ ተማሪዎች በፊት በር ይገባሉ። ደወሉ በጣም አጭር ነው። የጠዋቶቹ ቶሎ ካልወጡ የከሰዓቶቹ ቦታ አያገኙም፤ ክፍሉ በሁለት ዓይነት ተማሪ ይጨናነቃል። የኋላው በር ደግሞ ያለ ጠባቂ ወለል ብሎ ከተከፈተ ከከሰዓቶቹ አንዳንዶቹ ገብተው ሳይቀመጡ ከጠዋቶቹ ጋር አብረው ይወጣሉ።

በሞተሩም የሚሆነው ይኸው ነው። ጭሱ በደንብ ካልወጣ አዲሱ ድብልቅ በጭስ ይበረዛል፤ ሞተሩ ጉልበት ያጣል። በሌላ በኩል በተለመደው የድሮ ዓይነት ባለ ሁለት ምት ሞተር ከአዲሱ ድብልቅ ውስጥ ሩብ ያህሉ ሳይቃጠል ከጭሱ ጋር ሊወጣ ይችላል። ባለ ሁለት ምት ሞተር ቤንዚን የሚያባክነውና ጭሱ የሚከረፋው በዋናነት በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ የኋላውን በር የሚጠብቅ አንድ ነገር ያስፈልጋል፤ መጀመሪያ የጠዋቶቹን «ቶሎ ውጡ» የሚል፣ ቀጥሎም የከሰዓቶቹን «እናንተ ተመለሱ» የሚል። በባለ አራት ምቱ ሞተር ይህን የሚያደርገው ቫልቭ ነው። በባለ ሁለት ምቱ ግን ይህ ሥራ የወደቀው በጭስ መውጫው ቱቦና በማርሚታው ላይ ነው።

በቱቦ ውስጥ ያለ የገደል ማሚቶ

አንድ የብረት ዕቃ እንዴት በር ጠባቂ ሊሆን ይችላል? መልሱ በፊዚክስ ክፍል ስለ ሞገድ በተማርነው ውስጥ ይገኛል።

የጭስ መውጫው ቀዳዳ ድንገት ሲከፈት የታመቀው ጭስ የግፊት ሞገድ ፈጥሮ ወደ ቱቦው ይወረወራል። ይህ ሞገድ ከጭሱ ራሱ ቀድሞ በድምፅ ፍጥነት ይጓዛል። በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ አየር ውስጥ ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ 350 ዲግሪ ገደማ በደረሰ ትኩስ ጭስ ውስጥ ግን በሰከንድ ወደ 500 ሜትር ይጠጋል።

በገደል ፊት ቆሞ የሚጣራ ሰው ድምፁ ተመልሶ ይሰማዋል፤ የገደል ማሚቶ የምንለው ነው። በቱቦ ውስጥ ያለው ሞገድም ቱቦው ቅርጹን በሚለውጥበት ቦታ ሁሉ በከፊል ይመለሳል። አመላለሱ ግን ሁለት ዓይነት ነው። ቱቦው እየሰፋ ሲሄድ የሚመለሰው ሞገድ ሳቢ ነው፤ ግፊትን ይቀንሳል። ቱቦው እየጠበበ ሲሄድ የሚመለሰው ገፊ ነው፤ ግፊትን ይጨምራል።

አሁን ሁለቱን አንድ ላይ እናያይዛቸው። ከሲሊንደሩ የሚነሳው ቱቦ አስቀድሞ እንደ ጡሩምባ አፍ ይስፋ፣ ቀጥሎ ይጥበብ እንበል። ከሰፊው ክፍል የሚመለሰው ሳቢ ሞገድ ቀድሞ ወደ ሲሊንደሩ ይደርስና የቀረውን ጭስ ጎትቶ ያወጣል፤ አዲሱ ድብልቅም ተስቦ እንዲገባ ያግዛል። ከጠባቡ ክፍል የሚመለሰው ገፊ ሞገድ ዘግይቶ ይደርስና አልፎ የወጣውን አዲስ ድብልቅ በሩ ሊዘጋ ሲል ወደ ውስጥ መልሶ ይከተዋል። ያለ አንድ ተንቀሳቃሽ ክፍል፣ በቱቦ ቅርጽ ብቻ፣ በር ጠባቂው ተገኘ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ሞገዱ በሰዓቱ ከደረሰ ብቻ ነው። ዋሽንት ሲነፋ ጣቶች ቀዳዳዎቹን ሲደፍኑ የአየሩ ዓምድ ይረዝማል፣ ድምፁም ይወፍራል፤ እያንዳንዱ ርዝመት የራሱ ድምፅ አለው። የጭስ ቱቦም እንዲሁ በአንድ ርዝመት በደንብ የሚያገለግለው ለተወሰነ የዙር ፍጥነት ነው። ከዚያ በታች ወይም በላይ ሲሆን ሞገዱ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ይደርሳል፤ ጥቅሙ ወደ ጉዳት ይለወጣል።

ከአንድ ቱቦ የወጣ የዓለም ሻምፒዮና

በቱቦ ቅርጽ ብቻ ምን ያህል ለውጥ ሊመጣ እንደሚችል የሚያሳይ እውነተኛ ታሪክ አለ። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በምሥራቅ ጀርመን፣ ቾፓው በምትባል ከተማ፣ ኤምዜድ የተባለው የሞተር ሳይክል ፋብሪካ የውድድር ክፍል ነበረው። ኃላፊው ዋልተር ካደን የሚባል መሐንዲስ ነበር። ሐሳቡን ከሱ በፊት የሞከሩ ቢኖሩም፣ ካደን በጭስ ቱቦ ውስጥ የሚመላለሰውን የግፊት ሞገድ በኦሲሎስኮፕ እየተመለከተ ቱቦውን ደረጃ በደረጃ አሻሻለው። የሚሰፋና የሚጠብ ሆድ ያለው የውድድር ቱቦ በሱ እጅ ወደ ብስለት ደረሰ።

ውጤቱ አስደናቂ ነበር። በ1961 እ.ኤ.አ. የኤምዜድ ባለ 125 ሲሲ ሞተር 25 የፈረስ ጉልበት ያህል ሰጠ፤ በአንድ ሊትር ሲታሰብ 200 ማለት ነው። ለማነጻጸር ያህል ሁላችንም የምናውቀው የዚያ ዘመን ቮልስ መኪና በ1,192 ሲሲ ሞተር 34 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ በሊትር 28 ገደማ ነው። ትንሿ ሞተር በሊትር ሲታሰብ ከቮልሷ ሰባት እጥፍ ገደማ ትሰጥ ነበር። ለዚህ ያበቃት ቱቦው ብቻ አልነበረም፤ ያለ ቱቦው ግን አይሆንም ነበር።

በዚያው ዓመት በመስከረም ወር የኤምዜድ ዋና ተወዳዳሪ ኤርንስት ዴግነር ለውድድር በሄደበት በስዊድን ከቡድኑ ተለይቶ ወደ ምዕራቡ ኮበለለ። የሞተሩን ምሥጢር ይዞ ወደ ጃፓኑ ሱዙኪ ገባ። በቀጣዩ ዓመት በ1962 በ50 ሲሲ ክፍል ለሱዙኪ የመጀመሪያውን የዓለም ሻምፒዮና አስገኘ። አገር ተሻግሮ የተወሰደው ምሥጢር በአብዛኛው ስለ አየርና ጭስ አካሄድ የተገኘ እውቀት ነበር።

ታዲያ የመጋዙ ማርሚታ ለምን ሳጥን ሆነ?

«ይህን የመሰለ ቱቦ ካለ በመጋዝ ላይ ለምን አልተገጠመም?» የሚል ተማሪ ይኖራል። በስሌት እንመልስ።

አንድ ባለ 50 ሲሲ የሞተር መጋዝ እንጨት ሲቆርጥ በደቂቃ 9,000 ዙር ይዞራል እንበል። ለ60 ሲካፈል በሰከንድ 150 ዙር ይሆናል። ስለዚህ አንድ ዙር 6.7 ሚሊሰከንድ ገደማ ይወስዳል። የጭስ መውጫው ቀዳዳ ከ360 ዲግሪው ውስጥ ለ160 ዲግሪ ያህል ክፍት ይሁን፤ ይህ 3 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሞገዱ በሰከንድ 500 ሜትር ቢጓዝ 1.5 ሜትር ይሄዳል። ደርሶ መመለስ ስላለበት የቱቦው ርዝመት የዚያ ግማሽ፣ ማለትም 75 ሴንቲሜትር ገደማ መሆን ይኖርበታል።

ግምታዊ ስሌት ቢሆንም ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። በእጅ በሚያዝ፣ በዛፍ ቅርንጫፎች መካከል በሚሠራበት መጋዝ ላይ 75 ሴንቲሜትር የሚረዝም የጋለ ቱቦ ማንጠልጠል አይቻልም። በመቁረጥ ውድድር ላይ ብቻ የሚያገለግሉ አንዳንድ መጋዞች እንዲህ ያለ ቱቦ ይገጠምላቸዋል፤ ለዕለት ሥራ ግን አይሆንም። ከዚህም በላይ መጋዝ አንድ ዓይነት ፍጥነት ብቻ ይዞ አይሠራም፤ እንጨቱ ሲጠነክር ዙሩ ይወርዳል፣ ሲለቀቅ ይወጣል።

ስለዚህ የመጋዝ ማርሚታ የስምምነት ውጤት ነው። በጥቂት ቦታ ውስጥ ጭሱን የሚቀበል ሰፊ ሆድ አለው፤ ድምፁን የሚሰባብሩ ክፍልፋዮች አሉት፤ ትኩሱን ጭስ ከሠራተኛው ፊትና እጅ የሚያርቅ መውጫ አለው፤ በብዙዎቹ ላይ ደግሞ ብልጭታ የሚይዝ ወንፊት አለ። የመውጫው ስፋት የተወሰነው ከሞተሩና ከካርቡራቶሩ ጋር ተመዝኖ ነው። አዳዲስ መጋዞች ከአዲሱ ድብልቅ ፊት ንጹሕ አየር ብቻ ያስገባሉ፤ ከጭሱ ጋር አብሮ የሚወጣው ቤንዚን ያለበት ድብልቅ ሳይሆን በአብዛኛው አየሩ እንዲሆን ነው። በነሱ ላይ የማርሚታው ልክ ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ሲበሳ ምን ይሆናል?

አሁን ወደ መጀመሪያው ክርክር እንመለስ። በአንዳንድ መጋዞች ላይ ድምፅና የጭስ ብክለት ለመቀነስ ሲባል መውጫው ጠበብ ተደርጓል። እንዲህ ያለውን መውጫ በልክ ማስፋት ጉልበት ሊጨምር እንደሚችል እውነት ነው። «ይበሳ» የሚሉት ሰዎች ግማሽ እውነት ይህ ነው። የሚረሱት ግን ቀጥሎ የሚመጣውን ነው።

ጭሱ በቀላሉ ሲወጣ በሞተሩ ውስጥ የሚያልፈው አየር ይጨምራል። ካርቡራቶሩ የተስተካከለው ግን ለቀድሞው አየር ነው። ስለዚህ ድብልቁ ይሳሳል፤ አየሩ በዝቶ ቤንዚኑ ያንሳል። የሳሳ ድብልቅ ሞተሩን ያግለዋል። በባለ ሁለት ምት ሞተር ደግሞ ሌላ ጉዳት አለ፤ ፒስቶኑን የሚያለሰልሰው ዘይት የሚመጣው ከቤንዚኑ ጋር ስለሆነ ቤንዚን ሲያንስ ዘይትም ያንሳል። ፒስቶኑ የሚሠራው ከአሉሚኒየም ቅይጥ ነው፤ ሲግል ያብጣል። ግለቱ ሲጨምርና ዘይቱ ሲቀንስ ፒስቶኑ ሲሊንደሩን ይነክሳል፤ ሞተሩም ቀጥ ይላል። ከዚያ በኋላ ፒስቶንና ፋሻ፣ ብዙ ጊዜም ሲሊንደሩ ራሱ መለወጥ አለበት።

ጉዳቱ በመጀመሪያው ቀን ላይታይ ይችላል። እንዲያውም የሳሳ ድብልቅ ያለው ሞተር ከመንከሱ በፊት ዙሩ ከፍ ብሎ፣ ድምፁ ቀጥኖ፣ የጎበዘ ይመስላል። ድምፅ ሲጨምር ጉልበት የጨመረ ይመስለናል፤ ሁለቱ ግን አንድ አይደሉም።

በዚህ ሥራ የተካነ መካኒክ መውጫውን ሲያሰፋ ካርቡራቶሩንም ዙሩን በመለኪያ እያየ ያስተካክላል። አንዳንድ መጋዞች ላይ ግን የካርቡራቶሩ ማስተካከያ ብሎን ከተወሰነ በላይ እንዳይዞር የተቆለፈ ነው፤ በካቻቢቴ ብቻ የሚፈታ ጉዳይ አይደለም።

ሲደፈንስ?

«መታፈን ይወዳል» የሚሉት ሰዎች ግማሽ እውነትም አለ፤ ተመልሶ የሚመጣው ግፊት በሰዓቱ ከደረሰ አዲሱን ድብልቅ ይጠብቃል። ነገር ግን በሰዓቱ የሚደርስ ሞገድና ሁልጊዜ የሚያፍን ጥላሸት የተለያዩ ናቸው።

ዘይቱ ከልክ በላይ ሲበዛ ወይም ለባለ ሁለት ምት ሞተር የማይሆን ዘይት ሲደባለቅ በብልጭታ መያዣው ወንፊትና በጭስ መውጫው ቀዳዳ ላይ ጥላሸት ይጋገራል። ምልክቱ ይታወቃል፤ መጋዙ ይነሳል፣ ነዳጅ ሲሰጠው ግን ዙሩ አይወጣም፣ እንጨት ላይ ሲያርፍ ይዝላል። ብዙ ሰው ማርሚታ ለመብሳት የሚነሳው በዚህ ጊዜ ነው። መድኃኒቱ ግን መብሳት አይደለም፤ ማጽዳት ነው።

ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ የካንዴላው ገመድ ተነቅሎ፣ ወንፊቱ ይወጣና በብሩሽ ይጸዳል፤ ከተቀደደ ይለወጣል። የጭስ መውጫው ቀዳዳ ጥላሸት ካለበት ፒስቶኑ ቀዳዳውን እንዲዘጋ ተደርጎ በእንጨት ይፋቃል። ብረት ሲሊንደሩንና ፒስቶኑን ይቧጭራል፤ ፒስቶኑም ካልዘጋው ፍርፋሪው ወደ ውስጥ ይወድቃል። ማርሚታው ሲመለስ ጓርኒሲዮኑ የተበላሸ ከሆነ ይቀየራል፤ ብሎኖቹ በደንብ ይጠብቃሉ።

የዘይቱ ልክ በመጋዙ መመሪያ ላይ ተጽፏል። በብዙ ዘመናዊ መጋዞች 50 ለ1 ነው፤ ለ1 ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር፣ ለ5 ሊትር 100 ሚሊ ሊትር ዘይት ማለት ነው። በዓይን ግምት የተጨመረ ዘይት ሲያንስ ሞተር ያስነክሳል፣ ሲበዛ ማርሚታ ይደፍናል።

ጆሮ መለወጫ የለውም

ፒስቶን ቢበላሽ ይገዛል። ጆሮ ግን መለወጫ የለውም።

የሞተር መጋዝ ድምፅ ማርሚታው ደህና እያለ እንኳ በሠራተኛው ጆሮ አጠገብ ከ100 ዴሲቤል ያልፋል። ናዮሽ የተባለው የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም እንደሚመክረው ሰው ያለ ጆሮ መከላከያ 85 ዴሲቤል ድምፅ በቀን ከ8 ሰዓት በላይ መስማት የለበትም። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። እናስላው፦ 88 ሲሆን 4 ሰዓት፣ 91 ሲሆን 2 ሰዓት፣ 94 ሲሆን 1 ሰዓት፣ 97 ሲሆን 30 ደቂቃ፣ 100 ሲሆን 15 ደቂቃ። 109 ሲደርስ 2 ደቂቃ አይሞላም። አንድ ግንድ ገና ተቆርጦ ሳያልቅ የቀኑ ድርሻ አለቀ ማለት ነው።

ማርሚታ ድምፅን የሚቀንሰው ሞገዱን በክፍልፋዮቹ መካከል እያመላለሰ ኃይሉን በመስበርና ከሱም ከፊሉን ወደ ሙቀት በመለወጥ ነው። የተበሳ ማርሚታ ይህን ሥራ አይሠራም። በሚገባ የተገጠመ የጆሮ መከላከያ 20 ዴሲቤል ቢቀንስ 109 የነበረው ወደ 89 ይወርዳል፤ የ2 ደቂቃው ጊዜ ከ2 ሰዓት በላይ ይሆናል። በጆሮ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ቀስ ብሎ የሚመጣ፣ የማያም፣ የማይድንም ነው። በወጣትነቱ በቀን ክፍያ ዛፍ የሚቆርጥ ልጅ ጉዳቱን የሚያውቀው ምናልባት ከዓመታት በኋላ የልጆቹን ንግግር «ምን አላችሁ?» እያለ ሲያስደግም ነው።

ብልጭታና የማይታይ ጋዝ

ከጭሱ ጋር አንዳንድ ጊዜ የጋለ የጥላሸት ፍንጣሪ ይወጣል። በደረቅ ወቅት የባሕር ዛፍ ቅጠልና ልጣጭ ዘይት ስላለው በቀላሉ ይቀጣጠላል። የማርሚታው ወንፊት የተሠራው ለዚህ ነው። በአሜሪካ የደን አገልግሎት መለኪያ መሠረት የወንፊቱ ቀዳዳዎች ከ0.6 ሚሊ ሜትር ያነሱ መሆን አለባቸው። ወንፊቱን አውጥቶ የሚጥል ሰው የሚጥለው ደኑ ከእሳት የሚጠበቅበትን አጥር ነው። በዘፈቀደ የተበሳ ቀዳዳም ትኩሱን ጭስ ወደ ደረቁ ቅጠል፣ ወደ ነዳጁ ታንከር ወይም ወደ ሠራተኛው እጅ ሊያዞረው ይችላል።

የመጨረሻው ነጥብ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ግን ይገድላል። ማርሚታ ይህን ጋዝ አያስቀረውም። ስለዚህ የሞተር መጋዝም ሆነ ማንኛውም የቤንዚን ሞተር በተዘጋ ክፍል ወይም በዕቃ ቤት ውስጥ፣ ለሙከራ ያህል እንኳ፣ መነሳት የለበትም።

ለተማሪዎች አንድ ጥያቄ

አንድ ባለ ሁለት ምት ሞተር በደቂቃ 6,000 ዙር ቢዞር፣ የጭስ መውጫው ለ160 ዲግሪ ክፍት ቢሆን፣ ሞገዱም በሰከንድ 500 ሜትር ቢጓዝ፣ ተመላሹ ሞገድ በሩ ሳይዘጋ እንዲደርስ ቱቦው ምን ያህል መርዘም ይኖርበታል? መጀመሪያ ራሳችሁ ሞክሩ። መልሱ 1 ሜትር ከ11 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ዙሩ ሲቀንስ ቱቦው እንደሚረዝም ልብ በሉ፤ ዋሽንቱም የሚለው ይህንኑ ነው።

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚያስታውስ አንባቢ ቢኖር ይህን ይያዝልን፦ ባለ ሁለት ምት ሞተር የሚተነፍሰው በአፉ ብቻ ሳይሆን በጭስ መውጫውም ነው። ወላጆች፣ መጋዝ ወይም የጀልባ ሞተር ያለው ዘመድ ካላችሁ ጉልበት ሲያንሰው ከመብሻው በፊት ብሩሹን እንዲያነሳ ንገሩልን። ተማሪዎች ደግሞ በመንገድ ላይ ማርሚታው የተበሳ ሞተር እየጮኸ ሲያልፍ ጆሯችሁን ሸፍኑ፤ ከዚያም በውስጡ በሰከንድ ከመቶ ጊዜ በላይ የሚከፈተውንና የሚዘጋውን በር አስቡ።